ልጄን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ምን ልሽጥ?

በሬዲዮ ለመሠረተ ትምህርትና ለድኅረ መሠረተ ትምህርት አድማጮች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ። አቅራቢው በይጁቤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ነፃ የትምህርት ዕድልና ስለ መሰናዶ ታሪክ ነው። ነፃ የትምህርት ዕድል ማለት ብዙዎቻችሁ «ስኮላርሺፕ» ሲባል የሰማችሁት ነው። ይኸውም ተማሪው ራሱ ሳይከፍል፣ ሌላው ወጪውን ችሎለት የሚማርበት መንገድ ነው። መሰናዶ ደግሞ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ከመግባት በፊት የሚደረግ ዝግጅት ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የማስተምረው በባሶ ሊበን ወረዳ፣ በይጁቤ ነው። ቀን ሕፃናትን፣ ማታ ማታ ደግሞ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ከጎልማሶቹ ተማሪዎቼ መካከል አንድ አባት አሉ፤ ያላቸው ሀብት አንድ ጥማድ በሬና ጥቂት ማሳ ነው። አንድ ማታ ሌላው ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው ወደ ኋላ ቀሩ። ዱላቸውን ተደግፈው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«መምህር፣ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ጎበዝ ናት ትሉኛላችሁ። ዩኒቨርሲቲ እንድትገባ ምን ልሽጥ? አንዱን በሬ ልሽጠው ይሆን?»

ወዲያው መልስ አልሰጠኋቸውም። «እሺ አባቴ፣ አስቤበት እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። አንድ በሬውን የሸጠ ገበሬ ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቃላችሁ። ጥማዱ ይፈርሳል፤ በሬ ሊለምን ከጎረቤት ደጅ ይቆማል፤ ያም ካልሆነ መሬቱን ለሌላ አራሽ በእኩል ይሰጣል። ስለዚህ ይህ በችኮላ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። እኔም መልሱን የፈለግሁት ከታሪክ ነው። የድሃ ልጅ በአገራችን ከፍተኛ ትምህርት ደርሶ ያውቃል ወይ? ከደረሰስ በምን ደረሰ? ማን ተቀበለው? ማን አበላው? ማንስ አዘጋጀው?

እስቲ ከሩቁ እንጀምር።

የጎጃም ሰው ነፃ የትምህርት ዕድልን ከመንግሥት አልተማረም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በዋሸራ፣ በጎንጅና በሌሎችም ደብሮች የቅኔ ጉባኤ ይዘረጋ ነበር። ተማሪው ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ ሳይቀር አባይን ተሻግሮ ይመጣ ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ከደጃፍ ደጃፍ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይል ነበር። ባልቴቷም ጥሬውን ወይም ቁራሽ እንጀራውን ከአኮፋዳው ትጨምርለታለች። የማን ልጅ እንደሆነ አትጠይቀውም። ሌላ አገር ያለው የራሷ ልጅም በሌላ ሴት ደጃፍ እንደዚሁ ቆሞ ሊሆን ይችላልና። ይህ ነው እንግዲህ የቆሎ ተማሪ የሚባለው። እስካሁንም በየደብሩ አለ።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች ተገናኝተዋል። አንደኛው ቦታ ነው። የኔታ ለትምህርቱ ዋጋ ሳይጠይቁ ተማሪውን ይቀበሉታል፤ እሱም እንጨት ይለቅምላቸዋል፣ ውኃ ይቀዳላቸዋል። ሁለተኛው ስንቅ ነው። ስንቁን የሚሰጠው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ሦስተኛው መሰናዶ ነው። ፊደል ሳይለይ ዳዊት የሚደግም፣ ቅኔ ሳይቀኝ መጻሕፍት ልተርጉም የሚል የለም። ደረጃው በደረጃ የተሠራ ነው። ቦታ፣ ስንቅና መሰናዶ። እነዚህን ሦስት ቃላት ያዙልኝ፤ እስከ ንግግሩ መጨረሻ አብረውን ይሄዳሉ።

ይህ ሥርዓት ጉድለትም ነበረበት። ሴት ልጅ አኮፋዳ አንግታ አገር ለአገር ልትዞር አትችልም ነበር። ዓይነ ስውሯን የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያላወቀ የጎጃም ሊቅ የለም፤ ወንዶች ተማሪዎችን ሰብስበው ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ነገር ግን እሳቸው የተማሩት ከአባታቸው ነው። አባትየው የቅኔ መምህር ስለነበሩ ቦታውም ስንቁም ከአንድ ቤት ተገኘ። አባታቸው መምህር ያልሆኑት ሌሎቹ ሴቶች ልጆችስ? እነሱ ከምድጃው ሥር ቀሩ። ጉድለቱ የአእምሮ አልነበረም፤ የመንገድ ነበር።

በዚህ የቤተ ክህነት ትምህርት ካለፉት መካከል ሐዲስ ዓለማየሁን ማንሣት ይበቃል። በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በ1902 ዓ.ም. ተወለዱ። በጎጃም ደብሮች ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ። በኋላ የትምህርት ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰዋል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውንም መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. አሳትመዋል። ቅኔ ቤት ለእሳቸው መሰናዶ ሆኗቸዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች እንምጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. አካባቢ፣ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈቱ። በአገር ውስጥ ኮሌጅ ስላልነበረ ለከፍተኛ ትምህርት ጥቂቶች ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። ለምሳሌ በ1914 ዓ.ም. ገደማ መላኩ በያን፣ በሻህ ውረድ ሀብተ ወልድና ወርቁ ጎበና ወደ አሜሪካ ተላኩ። መላኩ በያን በዋሽንግተን ከሚገኘው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቋል። እንዲህ ያለው ዕድል በአብዛኛው ለቤተ መንግሥት ቅርብ ለሆነ ቤተሰብ ልጅ የሚደርስ ነበር። የባሶ ሊበን ገበሬ ልጅ መኖሩንም አልሰማ።

ያም ጥቂቱ አልተረፈም። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፣ የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆችና የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ይገኙበታል። በብዙ ወጪና ድካም የተማረ አንድ ትውልድ በጥቂት ወራት አለቀ። ከድል በኋላ አገሪቱ የቀረው የተማረ ሰው እጅግ ጥቂት ስለነበረ ነገሩ እንደ አዲስ ተጀመረ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ጄኔራል ዊንጌት ተከተለው። እነዚህ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። አዳሪ ማለት ተማሪው እዚያው እየተኛ፣ እዚያው እየበላ የሚማርበት ማለት ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ በፈተና የተመረጠ ልጅ ይገባበት ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ደግሞ ኮሌጆቹ ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. ስሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በዚያን ዘመን ኮሌጅ የገባ ተማሪ ለትምህርቱ አይከፍልም ነበር። ቦታም ስንቅም ተገኘ ማለት ነው።

መሰናዶውስ? በአዲስ አበባ የተማረውና በጠቅላይ ግዛት የተማረው ልጅ እኩል አይዘጋጁም ነበር። በአንዱ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በሌላው ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ። ይህን ለማስተካከል ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ የልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ነበር። ይህ ትምህርት ቤት በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ፋኩልቲ ሥር ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ አሥራ አንደኛ ክፍልን የጨረሱ ጎበዝ ተማሪዎች እየተመረጡ መጥተው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚያ ይማሩ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ አንድ ዓመት ተቀምጦ መዘጋጀት ማለት ነው። ወንዙን ከመሻገሩ በፊት ድልድይ ተሠራለት።

አንድ ነገር ልጨምር። በነፃ የተማረ ሰው ዕዳ አለበት። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በአገሩ ውስጥ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። ብዙዎቹም በየገጠሩ ከተማ አስተማሩ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ከሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። በያን ጊዜ ፊደል የቆጠሩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ይህን ሬዲዮ እየሰሙ ፈገግ የሚሉም አይጠፉ።

በደርግ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በነፃ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችም በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ኩባና ወደ ሌሎች አገሮች ሄደው ተምረዋል። ነገር ግን በአገር ውስጥ ቦታው እጅግ ጠባብ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናን፣ በተለምዶ «ማትሪክ» የምንለውን፣ ካለፉት መካከል እንኳ ብዙዎቹ ቦታ አጥተው ይቀሩ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። በዚህም መሠረት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አሥረኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና መሰጠት ጀመረ። ጥሩ ነጥብ ያመጣ ተማሪ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን መሰናዶ በሚባለው ይማር ነበር፤ ሌላው ወደ ሙያ ወይም ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ይሄድ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎችም በዙ። የእኛው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። የይጁቤ ሰው በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ አየ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ታሪክ ባነሣ ትፈቅዱልኛላችሁ። እኔ አሥረኛ ክፍልን የተፈተንሁት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ነጥቤ መሰናዶ የሚያስገባ ነበር። ሆኖም መሰናዶው ከቤታችን የራቀ ስለነበረ ቤት መከራየት፣ በየሳምንቱም ስንቅ ማመላለስ ግድ ሆነ። በዚያ ዓመት ሰብላችንን በረዶ መታው፤ ከእኔ በታች ደግሞ አራት ልጆች ነበሩ። አባቴ ቃል አልተናገረም፤ ጎተራውን ከፍቶ አሳየኝ። ስለዚህ ቶሎ ደመወዝ የሚያስገኘውን መንገድ መረጥሁና መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። አልተጸጸትሁም፤ ሥራዬን እወደዋለሁ። ነገር ግን እውነቱን ልንገራችሁ። እኔን ያስቀረኝ ፈተና አልነበረም፤ የሁለት ዓመት ስንቅ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዛሬው እንምጣ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የፈተነው መንግሥት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ተማሪዎቹን በየዩኒቨርሲቲው ሰብስቦ አስፈተነ። ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይህ ከመቶው 3.3 ነው። ከመቶ ልጆች ሦስት ማለት ነው! በ2016 የትምህርት ዘመን 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። እየተሻሻለ ነው፤ ሆኖም ገና ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ይወድቃሉ። በእኛ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከረሙ፤ ብዙ ልጅ ከትምህርት ገበታው ተለየ። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት እንደሚባለው ነው።

ከማለፊያው በታች ካመጡት መካከል ለተመረጡት «ሪሚዲያል» የሚባል የማካካሻ ትምህርት ተጀምሯል። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለወራት ይማራል፤ ተፈትኖ ካለፈ ይቀጥላል። ይህ የበዕደ ማርያም ነገር በሌላ መልኩ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ልዩነቱ ምንድነው? ያኛው ልጁን ከፈተናው በፊት ይይዘው ነበር፤ ይኸኛው ከወደቀ በኋላ ያነሣዋል። ሁለቱም ግን የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ ድልድይ ያስፈልጋል። ድልድዩን ከፈተናው በፊት የሚሠሩም ዛሬ አሉ። በመቀሌ ቃላሚኖ፣ በደብረ ብርሃን ኃይሌ-ማናስ አካዳሚ የታወቁ ናቸው፤ ጎበዝ ተማሪዎችን መርጠው ያዘጋጃሉ። ኃይሌ-ማናስ አቅም ለሌላቸው ነፃ ዕድል ይሰጣል። ግን የሚቀበሉት ጥቂቱን ነው። ሌላው ልጅ የሚዘጋጀው እዚሁ እኛ ዘንድ ነው።

አሁን የእኚያን አባት ጥያቄ መመለስ እንችላለን። ምን ይሽጡ?

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዕድል ላገኘ ልጅ በመግቢያው በር ላይ በሬ የሚጠይቅ የለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሥርዓት «የወጪ መጋራት» ይባላል። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነውን እጅ ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል ውል ይፈርማል። የሚከፍለውም ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ነው። ዕዳው የልጁ ነው፤ የበሬው አይደለም። ደንብ ሊሻሻል ስለሚችል ግን በየዓመቱ ከትምህርት ቤቱ ጠይቁ፤ ውሉንም ሳታነቡ አትፈርሙ።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ልጅ የሚወድቀው ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት አራት ዓመታት ነው። ሠርግ የሚደግስ ሰው ጠላውን በሠርጉ ዋዜማ አይጠነስስም፤ ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይሰናዳል፣ ጥንስሱ ቀኑን ይጠብቃል። መሰናዶም እንዲሁ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ልጅቱ ለማጥናት ጊዜ ታገኛለች ወይስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማድጋ ይጠብቃታል? ማታ መብራት አላት ወይ? ከተማ ተከራይታ ስትማር ማን ይጠብቃታል? ስንቋ ሲያልቅ ከማን ትበደራለች? ወጪው ያለው እዚህ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ይህን ወጪ አንድ ቤት ብቻውን ሊችለው አይችልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አዝመራ በወንፈልና በደቦ እናጭዳለን፤ ቀብር በእድር እንቀብራለን። ታዲያ ልጅ ማስተማርን ለምን ለየቤቱ ተውነው? አራት ወይም አምስት ቤተሰብ ተባብሮ ለሴቶች ልጆቹ አንድ ክፍል በከተማ ቢከራይ፣ አንዲት የታመነች ባልቴት አብራቸው ብትሆን፣ ስንቁንም በተራ ቢያደርስ በሬ መሸጥ አይኖርም። ዩኒቨርሲቲ ደርሰው በክረምት የሚመለሱ ልጆቻችንም ለታናናሾቻቸው ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠኑ። የበፊቶቹ ለአንድ ዓመት አገልግለው የለም ወይ? የአሁኖቹ ለሁለት ወር ቢያገለግሉ ምን ይጎዳቸዋል?

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። «ውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል አስገኝልሃለሁ፣ ቅድሚያ ይህን ያህል ብር አምጣ» የሚል ደላላ ከመጣባችሁ ተጠንቀቁ። ስሙ እንደሚያመለክተው ነፃ ነው። ወረቀቱን ለመምህር አሳዩ፤ ራሳችሁም አንብቡ። ፊደል የቆጠርነው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ይህን ሁሉ ለእኚያ አባት በሌላ ማታ ነገርኳቸው። ጥቂት አስበው፣ «እንግዲያው እኔ የምሸጠው በሬ ሳይሆን ኩራቴን ነው፤ ጎረቤቶቼን ልለምን» አሉኝ። «ልመና አይደለም አባቴ፤ ወንፈል ነው» አልኳቸው። ሳቁና ሄዱ። በመስከረም ሦስት ቤተሰቦች አንድ ክፍል አብረው ተከራዩ። ልጅቱ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። ታልፍ እንደሆነ ገና አራት ዓመት ቀርቷታል፤ ማንም ቃል ሊገባላት አይችልም። ነገር ግን ቦታ አላት፣ ስንቅ አላት፣ መሰናዶዋም ተጀምሯል። በሬዎቹም እንደተጠመዱ ናቸው።

ለአድማጭ ቡድኖች የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. በቀበሌያችሁ ስምንተኛ ክፍል ደርሰው ያቋረጡ ልጆች ስንት ናቸው? ያቋረጡት ቦታ፣ ስንቅ ወይስ መሰናዶ አጥተው ነው?

2. ካቋረጡት መካከል ሴቶቹ ስንት ናቸው? ምክንያታቸው ከወንዶቹ ይለያል?

3. በእድራችሁ ወይም በማኅበራችሁ ለተማሪዎች ስንቅ ለማዋጣት ምን ማድረግ ይቻላል? የተስማማችሁበትን በጽሑፍ አስፍሩ፤ የጻፋችሁትንም ለሌሎች አንብቡላቸው።